ጊደሮቹ የት ገቡ? የአሜሪካን የከብት ቁጥር ማንበብ ስለማመድ የደረስኩበት

ቁጥር ማንበብ የምንለማመድ ሰዎች እያንዳንዳችን አንድ ዘርፍ ይዘን እንድንቆይ ስንስማማ እኔ የወሰድኩት የአሜሪካን የቀንድ ከብት ነው። ምርጫው ከእንጀራዬ ጋር የተያያዘ ነው። የምኖረው ቴክሳስ ውስጥ ሲሆን ማቀዝቀዣ ያለው የጭነት መኪና እየነዳሁ ከአማሪሎ አካባቢ የታሸገ ሥጋ ወደ ዳላስ አመላልሳለሁ። ጭነት አንድ ሰሞን ይትረፈረፋል፣ ሌላ ሰሞን ይጠፋል። ምክንያቱን ብትጠይቁ ሁሉም የየራሱን ግምት ይነግራችኋል፤ እኔ ደግሞ ግምት አልወድም። ወራቱንም ዓመታቱንም ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቁጥሩን የሚያወጣው በአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር ሥር ያለው ብሔራዊ የግብርና ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው። ሁለት ሪፖርቶችን መለየት ግድ ይላል። አንደኛው በአገሪቱ ያለውን ከብት በሙሉ፣ ከጥጃ እስከ ኮርማ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን ላይ እንደነበረ የሚያሳየው ነው። የሚወጣው በወሩ መጨረሻ ሲሆን የየክፍለ ግዛቱን ዝርዝርም ይዟል። ሁለተኛው በየወሩ የሚወጣ ሲሆን የሚመለከተው በማድለቢያ ጣቢያ ገብቶ እህል እየተመገበ ያለውን ከብት ብቻ ነው፤ ያውም 1,000 እና ከዚያ በላይ ከብት የመያዝ አቅም ባላቸው ጣቢያዎች ያለውን። ትንንሾቹ አድላቢዎች በቁጥር እጅግ ይበዛሉ፤ ይሁን እንጂ ከሚደልበው ከብት ከመቶ 80 በላይ የሚሆነው ያለው በትልልቆቹ ዘንድ ስለሆነ ወርሃዊው ሪፖርት ብዙ አያመልጠውም።

ማንም ሰው ሜዳ ወርዶ ላም አይቆጥርም። ለናሙና የተመረጡ አርቢዎችና አድላቢዎች በፖስታ፣ በስልክና በኢንተርኔት ይጠየቃሉ፤ መልሳቸውም በስሌት አገሩን እንዲወክል ይደረጋል። የእያንዳንዱ ሰው መልስ በሕግ የተጠበቀ ምስጢር ነው። በአንድ ክፍለ ግዛት ውስጥ ያሉት ትልልቅ ጣቢያዎች እጅግ ጥቂት ከሆኑ የክፍለ ግዛቱን ድምር ማውጣት የሰውየውን በረት ከፍቶ ማሳየት ይሆናል። ስለዚህ «ሌሎች ክፍለ ግዛቶች» በሚል ረድፍ ተጠቃልሎ ይቀርባል። ይህን ረድፍ መጀመሪያ ላይ የማይረባ ትርፍራፊ አድርጌ አየው ነበር፤ አሁን የሪፖርቱ ጨዋነት ያለው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ወደ ዋናው ቁጥር ልግባ። በጃንዋሪ 2025 መጀመሪያ በአሜሪካ የነበረው ከብት 86.7 ሚሊዮን ነው። ከ1951 ወዲህ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ይህን ያህል ዝቅ ብሎ አያውቅም ነበር። ከፍተኛው 1975 ላይ የተመዘገበው 132 ሚሊዮን ነበር። ጋዜጦች የሚጽፉት ይህን ነው፤ ያነበበ ሁሉም «ሥጋ ሊጠፋ ነው» ይላል። ነገር ግን የሥጋ ምርቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡት ሌላ ታሪክ ይወጣል። ከብቱ ከ1975ቱ በ40 ሚሊዮን አንሶ እያለ፣ በ2022 የተመረተው የበሬ ሥጋ 28.3 ቢሊዮን ፓውንድ ሆኖ ክብረ ወሰን ሰበረ። አንደኛው ምክንያት በቁጥሩ ውስጥ የለም፣ በሚዛኑ ላይ ነው፦ ዛሬ ከአንድ ሰንጋ የሚገኘው ሥጋ ከ900 ፓውንድ በላይ ነው፤ ይህም ከአራት ኩንታል ይበልጣል። ሌላው ምክንያት ያ ዓመት መንጋ የሚራባበት ሳይሆን የሚታረድበት ዓመት መሆኑ ነው። ስለ እሱ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

ዓመቱን ሙሉ አንድ ቁጥር ይዞ መሄድም አይቻልም። አገልግሎቱ በዓመቱ አጋማሽ ላይ ያለውን ሁኔታ የሚያሳይ ሁለተኛ ቆጠራ አለው፤ በ2025 ጁላይ 1 ቀን የነበረው 94.2 ሚሊዮን ነው። በስድስት ወር ውስጥ ሰባት ሚሊዮን ተኩል ጨመረ ብሎ የሚደነግጥ ሰው ላሞች በብዛት የሚወልዱት በጸደይ መሆኑን ዘንግቷል። ጁላይን ከጁላይ፣ ጃንዋሪን ከጃንዋሪ ማመሳከር ብቻ ነው የሚያዋጣው። በሰንጠረዤ ላይ የጁላይ 2024 ረድፍ ባዶ ነው፤ በበጀት ምክንያት ሪፖርቱ ያን ዓመት ተሰርዟል። ባዶውን ቦታ ከግራና ቀኙ አማካይ ወስዳችሁ እንዳትሞሉት እመክራለሁ። ያልተቆጠረ አልተቆጠረም።

የወጣ ቁጥርም ይከለሳል። የ2014 ጃንዋሪ ቆጠራ መጀመሪያ የወጣው 87.7 ሚሊዮን ተብሎ ነበር፤ በዓመቱ ሲከለስ 88.5 ሆነ። ስምንት መቶ ሺህ ከብት በወረቀት ላይ ተወለደ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ዓምድ እይዛለሁ፦ መጀመሪያ የወጣው አንድ፣ የተከለሰው አንድ።

አሁን የክፍለ ግዛቶቹን ነገር። ከሁሉ የበለጠ ያስደሰተኝ ይህ ክፍል ነው። ቴክሳስ ከ12 ሚሊዮን በላይ ከብት ይዞ በሩቅ ይመራል፤ ነብራስካና ካንሳስ እያንዳንዳቸው በስድስት ሚሊዮን አካባቢ ይከተላሉ፤ ካሊፎርኒያም ከፊት ረድፍ አይጠፋም። ግን እነዚህ ቁጥሮች አንድ ዓይነት ከብት አይደሉም። የካሊፎርኒያን ብዛት የሚሠራው ወተት ነው፤ 1.7 ሚሊዮን ገደማ የወተት ላሞች አሉት። የነብራስካ ደግሞ በጣቢያ ታጉሮ በቆሎ የሚበላ ከብት ነው፤ የሕዝቡ ብዛት ሁለት ሚሊዮን በመሆኑ ለአንድ ሰው ሦስት ከብት ይደርሳል። ሚዙሪን ተመልከቱ፦ ለሥጋ ጥጃ የሚወልዱ ላሞች በብዛት ካሏቸው ክፍለ ግዛቶች አንዱ ነው፤ በማድለቢያው ዝርዝር ግን ስሙ ጎልቶ አይታይም። ጥጃው እዚያ ይወለዳል፣ ጡት ይጥላል፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ይጫናል። አንድ ጥጃ ዘንድሮ በሚዙሪ፣ ለከርሞ በካንሳስ ሊቆጠር ይችላል። የክፍለ ግዛት ሰንጠረዥ ሳነብ ቀድሜ የምጠይቀው «ከብቱ በሕይወቱ የትኛው ደረጃ ላይ ሳለ ነው እዚህ የተገኘው?» ብዬ ነው።

ቴክሳስ፣ ነብራስካና ካንሳስ በትልልቅ ጣቢያዎች ካለው ከብት ሁለት ሦስተኛ ገደማውን ይይዛሉ። ከአማሪሎ ወደ ሄርፎርድ የሚወስደውን አውራ ጎዳና 60 የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን ሰንጠረዥ አያስፈልገውም። ሽታው ከከተማው ቀድሞ ይቀበላችኋል። ከዚያ በብረት አጥር የተከፋፈለ ሜዳ እስከ አድማስ ይዘረጋል፤ በየአጥሩ ዳር ረጅም የሲሚንቶ ገንዳ አለ፤ መኖ የጫነ መኪና ገንዳውን እየታከከ በዝግታ ሲያልፍ በእንፋሎት በስሎ የተዳመጠ በቆሎ ከጎኑ ይፈስሳል፣ ከብቶቹም አንገታቸውን በብረቱ መካከል አሹልከው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ጣቢያዎቹ እዚህ የተከማቹት አለምክንያት አይደለም። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ከብት ጭቃ ውስጥ አይቆምም፤ ከምድር በታች ያለው የኦጋላላ ውኃ ማሽላና በቆሎ አጠጥቷል፤ ማረጃዎቹም ቅርብ ናቸው።

ወርሃዊው ሪፖርት የሒሳብ መዝገብ ይመስላል። ወሩ ሲጀምር ስንት ነበር፣ ስንት ገባ፣ ስንት ለእርድ ተሸጠ፣ ስንት በሌላ ምክንያት ወጣ። ዲሴምበር 2024ን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ወሩ ሲጀምር 12 ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ከብት ነበረ። 1.64 ሚሊዮን ገባ፣ 1.74 ሚሊዮን ለእርድ ወጣ፤ ጥቂት አስር ሺዎች ደግሞ ሞቱ ወይም ተመልሰው ለግጦሽ ተለቀቁ። ጃንዋሪ 1 ቀን 11.8 ሚሊዮን ቀረ። ለጀማሪ የምመክረው ይህን ሒሳብ በእጁ እንዲሠራው ነው። ከገባው የወጣው መብለጡን አንድ ጊዜ በገዛ እጁ የደመረና የቀነሰ ሰው ሪፖርቱን ከዚያ በኋላ አይፈራውም።

ለብዙ ጊዜ ግራ ያጋባኝ ግን የሚከተለው ነው። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2022 በጣቢያዎቹ የነበረው ከብት 12.2 ሚሊዮን ነው፤ የአሁኑ አመዘጋገብ በ1996 ከተጀመረ ወዲህ ለዚያ ወር ከፍተኛው። በዚያው ጊዜ ግን ለሥጋ ጥጃ የሚወልዱ ላሞች ከዓመት ዓመት እየቀነሱ ነበር፦ በ2019 31.7 ሚሊዮን የነበሩት በ2025 27.9 ሚሊዮን ሆነዋል። እናቶቹ እየቀነሱ ጣቢያው እንዴት ይሞላል?

መልሱ ያለው የጾታ ክፍፍሉ ላይ ነው። ሪፖርቱ በየሦስት ወሩ በጣቢያ ውስጥ ካሉት ከብቶች ሰንጋው ስንት፣ ጊደሯ ስንት እንደሆነች ለይቶ ያወጣል። ጊደር ሁለት መንገድ አላት። ወይ በግጦሽ ላይ ቆይታ ላም ትሆናለች፣ ወይ ጣቢያ ገብታ ትደልብና ትታረዳለች። በአገሪቱ መካከል በሚገኙት የታላቁ ሜዳ ክፍለ ግዛቶች ላይ ድርቅ ሲበረታ ሣር ጠፋ፣ ድርቆሽ ተወደደ፤ አርቢው ለከርሞ ላም ትሆናለች ብሎ የሚያስቀራትን ጊደር ሸጣት። ለዘር ያስቀመጠውን እህል እንዳስፈጨ ገበሬ ነው። ያን ሰሞን ጎተራው ባዶ አይመስልም፤ እንዲያውም ዱቄት ይበዛል። በጣቢያዎቹ ውስጥ የጊደሮች ድርሻ ወደ 40 ከመቶ የደረሰው፣ የ2022 የሥጋ ምርትም ክብረ ወሰን የሰበረው በዚህ መንገድ ነው። ብዛት ሆኖ የታየው መንጋው ራሱን እየበላ ነበር።

ይህ ከገባኝ በኋላ ማንኛውንም ሪፖርት ስከፍት ከጠቅላላው ድምር በፊት የማየው ለላምነት የተያዙትን ጊደሮች ነው። በጃንዋሪ 2025 ለሥጋ ላምነት የተያዙት 4.67 ሚሊዮን ነበሩ፤ ከ2024 በአንድ ከመቶ ያነሱ። በጁላይ 1 ቀን 2025 በጣቢያ ካሉት ውስጥ የጊደሮች ድርሻ ወደ 38 ከመቶ ወርዷል። ወርዷል ማለት ግን አርቢው መንጋውን መልሶ መገንባት ጀመረ ለማለት ገና አያበቃም። ጊዜውን አስሉት፦ ዛሬ እንድትቀር የተወሰነላት ጊደር በአንድ ዓመት ከሦስት ወሯ ገደማ ትጠቃለች፣ ሁለት ዓመት ሲሆናት ትወልዳለች፣ ጥጃዋ አድጎ ደልቦ ለእርድ እስኪደርስ ሌላ ዓመት ተኩል ይሄዳል። እሷ እስክትወልድ ድረስ በገበያው ላይ የሚታየው እጥረት ይብሳል እንጂ አይሻልም፤ ጣቢያው የእሷን ሥጋም አጥቷልና። የጥጃ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ደግሞ ጊደርን አስቀርቶ መጠበቅ ለአርቢው ይከብደዋል፤ ዛሬ ብትሸጥ ጥሩ ገንዘብ ታመጣለች።

በ2024 መጨረሻ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ። ቁስል ላይ እንቁላል የሚጥልና ትሉ ሕያው ሥጋ የሚበላ ዝንብ በደቡባዊ ሜክሲኮ በመገኘቱ አሜሪካ የሜክሲኮ ከብት እንዳይገባ ከለከለች። በፌብሩዋሪ 2025 ከፈተች፣ በሜይ ዘጋች፣ በጁላይ በአንድ በር ከፍታ በቀናት ውስጥ መልሳ ዘጋች። በደኅናው ዓመት ከዚያ የሚመጣው ለማድለብ የተዘጋጀ ከብት ከአንድ ሚሊዮን ያልፋል፤ ብዙውም የቴክሳስንና የአካባቢውን ጣቢያዎች ይሞላ ነበር። ስለዚህ በእነዚህ ወራት የቴክሳስ «የገባ» ቁጥር ሲወርድ ካያችሁ የአገር ውስጥ አርቢ ጊደሩን ስላስቀረ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ነብራስካን አስተያዩ። የሜክሲኮ ከብት ብዙም የማይደርሰው እሱ ዘንድ ቁጥሩ ካልወረደ ጉዳዩ የድንበሩ ነው።

ስለ ገበያው አጭር ነገር ልበል። ወርሃዊው ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ወደፊት ለሚረከቡት ከብት ከወዲሁ ዋጋ የሚቆረጥበት የቺካጎ ገበያ ከተዘጋ በኋላ ይወጣል። ዋጋው ሰኞ የሚንቀሳቀሰው ቁጥሩ በመጨመሩ ወይም በመቀነሱ ሳይሆን ተንታኞች ቀድመው ከገመቱት በመራቁ ነው። ቀንሶም ዋጋ ሲወርድ አይቻለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ይቀንሳል ተብሎ ተጠብቆ ነበርና።

ከአገራችን ጋር ማስተያየት የማይቀር ነው። የኢትዮጵያ የግብርና ናሙና ጥናት በ2013 ዓ.ም. የቀንድ ከብቱን ቁጥር 70 ሚሊዮን አካባቢ አድርሶታል። ከአሜሪካ ብዙም የማይርቅ ነው፤ የሚገኘው ሥጋ ግን ፈጽሞ አይቀራረብም። በእኛው ጥናት ላይ ደስ የሚለኝ ከብቱን በዕድሜና በጾታ ብቻ ሳይሆን በአገልግሎቱም መለየቱ ነው፦ ለእርሻ፣ ለወተት፣ ለሥጋ፣ ለርቢ። በሬ ያርሳልና የአሜሪካው ቅጽ ያንን ጥያቄ አያውቀውም። በሌላ በኩል ለብዙ ዓመታት ጥናቱ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች የአርብቶ አደር ዞኖችን አይሸፍንም ነበር፤ እዚያም ብዙ ከብት እያለ። የቦረና ወይፈን በአዳማና በሞጆ ዙሪያ ባሉ ማድለቢያዎች ሦስትና አራት ወር ቆይቶ ወደ ውጭ ሲጫን በየወሩ ስንት ገባ ስንት ወጣ የሚል ቋሚ መዝገብ ቢኖር ምን ያህል ነገር እንደሚገለጥ አስባለሁ።

ቀጥሎ የምይዘው የክብደት ምድቦቹን ነው። ሪፖርቱ ወደ ጣቢያ የገቡትን ከ600 ፓውንድ በታች ከሆኑት እስከ 1,000 እና ከዚያ በላይ ድረስ በስድስት ይከፍላቸዋል። ቀላሉ ከብት ብዙ ወራት ይቆያል፣ ከባዱ ቶሎ ይወጣል፤ ስለዚህ ዛሬ ከገባው ክብደት የእርዱን ወር መገመት ይቻላል፤ ለእኔም የጭነቱን። በቆሎ ሲረክስ አድላቢው ቀላል ጥጃ ገዝቶ ረጅም ጊዜ ማቆየት ያዋጣዋል ይባላል፤ በቁጥር ገና አልፈተንኩትም። በቆሎን የያዛችሁ ከ2019 ወዲህ ያለውን ወርሃዊ ዋጋ ብትልኩልኝ እኔ የከብቱን ሰንጠረዥ ከሁለቱም ዓምዶች ጋር እልክላችኋለሁ።