1487 ቮልት ያለው ድንጋይ

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ማኪያቶዬን ገና አልጨረስኩም። ተለማማጄ ከጥገና ጠረጴዛው ማዶ ጮኸ።

«ማዘር! ይሄ ድንጋይ 1487 ቮልት አለው!»

(«ማዘር» አትበለኝ ብዬዋለሁ። ገና 46 ነኝ። አሁን ትቼዋለሁ።)

በእጁ የያዘው ቀጭን የሪሞት ድንጋይ ነው። አንድ አዛውንት ጎረቤታችን «ሪሞቱ እምቢ አለኝ» ብለው ጥለውልን የሄዱት። እውነት 1487 ቮልት ቢኖረውማ ልጁ እንዲህ በሁለት ጣቱ ይዞ አይስቅም ነበር።

ሄጄ አየሁ። የቢጫዋ ቴስተር መዘውር 2000 ላይ ቆሟል። ከ2000ው ጎን ግን አንዲት ትንሽ ኤም አለች። ያቺን አላያትም። ቴስተሯ የምታነብለት በሚሊቮልት ነው። ነጥቡን ሦስት ቤት ወደ ግራ ስንገፋው 1.487 ቮልት ይሆናል። ድንጋዩ ላይ የተጻፈው 1.5 ነው፤ ስለዚህ ደህና ነው። ታዲያ ሪሞቱ ለምን አልሠራም? እመለስበታለሁ።

ልጁ ጎበዝ ነው። እርሳስ ሲበይድ እጁ አይንቀጠቀጥም። ሚሊ፣ ኪሎ፣ ማይክሮ ሲባል ግን ፈተና ላይ የተቀመጠ ይመስል ይደነግጣል። ወረቀቱን አስቀምጥ አልኩት።

«ግማሽ ሊትር ውሃ ላዩ ላይ ምን ይላል?»

«500 ሚሊ።»

«አንድ ኪሎ ቡና ስንት ግራም ነው?»

«1000።»

«በቃ። ቮልትም እንደዚያው ነው። አንድ ቮልት 1000 ሚሊቮልት ነው። 1000 ቮልት ደግሞ አንድ ኪሎቮልት።»

ትንሽ አሰበ። «እና አራት ኪሎ 4000 ነው፣ ስድስት ኪሎ 6000?» አለኝ። የአራዳ ልጅ አይደል።

ከሰዓት ዕቃ ልንገዛ በቸርችል ጎዳና ወደ ታች ስንወርድም ጨዋታው ቀጠለ። ምሰሶ ላይ የተሰቀለውን ትራንስፎርመር አሳየሁት። በላይ በኩል 15 ኪሎቮልት ይገባል፣ በታች በኩል ለየቤቱ 220 ይወርዳል። «15 ሺህ ቮልት» አለ ቶሎ ብሎ። ስታዲየም ስንደርስ ከባቡሩ በላይ የተዘረጋውን ሽቦ ጠየቅኩት። 750 ቮልት ነው፤ በኪሎቮልት ስንት ነው?

«ሰባት ነጥብ አምስት።»

ዝም አልኩት። 750 ግራም ቡና ገዝቶ የሰባት ኪሎ ተኩል የሚከፍል ሰው እንዳለ ጠየቅኩት። ሳቀ። 0.75 ነው።

ሻይ ቤት ስንቀመጥ ጎናችን ያሉት ሰዎች ስለ ሕዳሴ ግድብ ያወራሉ። አንዱ «5150 ሜጋቮልት!» ይላል። አፌን ይዤ ቀረሁ። 5150ው ሜጋዋት ነው፤ የኃይል መጠን። ከግድቡ ወደ ሆለታ የሚመጣው መስመር 500 ኪሎቮልት ነው፣ ሜጋ ሚሊዮን ስለሆነ ግማሽ ሜጋቮልት ማለት ነው። ዋትና ቮልት እርስ በርስ የሚመነዘሩ አይደሉም። መሀላቸው አምፔር የሚባል ሦስተኛ ሰው አለ፣ የሚፈሰው የኮረንቲ መጠን፤ እሱ ሳይታወቅ ሂሳቡ አይዘጋም። «ይሄ ፓወር ባንክ 20000 ነው፣ ስንት ቮልት ማለት ነው?» የሚለኝ ደንበኛም አለ። 20000ው የሚሊአምፔር-ሰዓት ቁጥር ነው፤ ኪሎ ቡና ስንት ሜትር ነው እንደማለት ነው።

በታች በኩልም መሰላሉ ይወርዳል። ሐኪም ቤት የልብ ምርመራ ሲነሱ የሚወጣው ባለመስመር ወረቀት ላይ 10 ሚሊሜትር ከፍታ 1 ሚሊቮልት ነው። ይህን ስነግረው ልጁ ደረቱን ያዘ። ያ የሪሞት ድንጋይ 1487 እጥፍ ይበልጠው ነበራ። የአንጎል ምርመራ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው፤ በማይክሮቮልት ይለካል፤ የሚሊቮልት ሺኛ።

አሁን ሁልጊዜ ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ትንሿ ኤም ሚሊ ናት። ትልቋ ኤም ሜጋ ናት። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት አንድ ቢሊዮን ጊዜ ነው። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ «መ» መቼም «መ» ናት። ዓይናችን ቁመት መለየት አልለመደም። ስለዚህ ልጁ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ያገኘውን ኤም ሁሉ ትልቅ አድርጎ ይጽፋል። አንዴ የአንዱን አምፕሊፋየር መግቢያ ለክቶ «5» ብሎ ትልቋን ኤም አስቀምጦበታል። የማይክሮፎን ገመድ ላይ አምስት ሚሊዮን ቮልት! አሁን በአማርኛ «ሚሊ» ብሎ ሙሉውን እንዲጽፍ አዝዤዋለሁ። ቀለም ቢያልቅ ይለቅ። የቮልት ምልክት የሆነችው ቪ ግን ምንጊዜም በትልቁ ነው የምትጻፈው፤ ከሰው ስም የመጣች ናታ። ጣሊያናዊው ቮልታ በ1800 እንደ ፈረንጆች የመጀመሪያውን ባትሪ ደራርቦ ሠራ፤ በ1881 ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች በስሙ የተጠራውን መለኪያ አጸደቁት።

በልጁ ስስቅ የራሴን የረሳሁ አይምሰላችሁ። የዛሬ 20 ዓመት ገደማ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሱቁን ለኔ ትቶልኝ ቡና ሊጠጣ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ካፓሲተሩ (ኮረንቲ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ያበጠ ዲቪዲ ማጫወቻ አለ። መሳቢያው ውስጥ ተመሳሳይ መጠን ያለው አገኘሁ፤ 250 ቮልት ይላል። «ግድግዳው 220 ነው፤ 30 ይተርፈኛል» አልኩ። በየድኩ፣ ሰካሁ። ደቂቃ አልሞላም፣ ጧ! ቁርጥራጭ ወረቀት እላዬ ላይ ዘነበ። ሱቁ የተቃጠለ ዓሣ ሸተተ።

220 የምንለው ኮረንቲ ሲወጣና ሲወርድ ጫፉ 311 ይደርሳል፤ 220 በ1.414 ሲባዛ። ወደ ዳይሬክት፣ ማለትም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈስ ኮረንቲ፣ ሲቀየር ካፓሲተሩ የሚሞላው በጫፉ ልክ ነው። እዚያ የሚገባው ባለ 400 ነበር። ነጥብ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በማንቀሳቀስ ብቻ የማይፈታ ቅየራ ይሄኛው ነው። አባቴ ጭሱን ከበር ላይ አይቶ ሌላ ምንም አላለም። «ባለ 250ውን ነው አይደል?» ብቻ።

«ቅየራ» ካልኩ አይቀር፣ እህታቸው ከአሜሪካ ጁስ መፍጫ የላከችላቸው አንዲት ሴትዮ አሉ። «ባለ 120 ነው፣ ወደ 220 ቀይሪልኝ የኔ ልጅ» አሉኝ። 120 ቮልትን 0.12 ኪሎቮልት ብዬ ብጽፈው የተቀየረው ጽሑፉ ነው፤ መፍጫው አያውቅም፣ ሲሰኩት ይቃጠላል። እሳቸው የሚያስፈልጋቸው ትራንስፎርመር ነው። ያውም የመፍጫውን ዋት የሚችል። ዋጋውን ሲሰሙ «ተይው፣ ለጌጥ ይቀመጥ» አሉ።

ወደ ሪሞቱ። ሁለተኛውን ድንጋይ ልጁ ለካውና ሳልጠይቀው «1.491 ቮልት» አለኝ። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። ቁልፍ ተጭነን የሪሞቱን ውስጥ ስንለካ ግን 3 ቮልት ሊኖር ሲገባው 400 ሚሊቮልት ላይ ዘጭ አለ። ድንጋዩ የሚያርፍበት ስፕሪንግ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ልጁ በቢላ ጫፍ ፈቀፈቀው፣ በአልኮል ጠረገው። ሠራ።

አዛውንቱ አሥር ሰዓት ላይ መጡ።

«ድንጋዩ ነው አይደል?»

«አይ አባባ፣ ድንጋዩስ ደህና ነው።»

«ስንት ቮልት ቢኖረው ነው?»

ልጁ ወደኔ አየ። «1500 ሊሞላ 13 ይቀረዋል» አላቸው። ሚሊ የምትለዋን ዋጣት።

«እንዲህ ነው እንጂ ድንጋይ!» አሉ አባባ፣ ሪሞታቸውን ኪሳቸው እየከተቱ።