ሳትወድቅ የተሰበረችው አክስቴ

አክስቴ 74 ዓመቷ ነው። በስቅለት ዕለት እንደ ልማዷ ስትሰግድ ዋለች። ትንሣኤ አልፎ በማግስቱ ግን ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። ወገቤን ነው ትላለች፤ እጇን የምታሳርፈው ግን ዝቅ ብላ መቀመጫዋ ላይ ነው።

"ወድቀሽ ነበር እንዴ?" አልኳት በስልክ።

"ኧረ አልወደቅሁም! ስግደት ሰው ይሰብራል?"

እኔ ራዲዮሎጂስት ነኝ። ቀኑን ሙሉ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ፊልም ሳነብ እውላለሁ። ያን ቀን የአክስቴ ልጅ የወገቧን ራጅ በቴሌግራም ላከችልኝ። ሻይ እየጠጣሁ በስልኬ አየሁት። "ስብራት የለውም፣ የዕድሜ ነው" ብዬ መለስኩ። ዶክተሩ ስብራት የለም ካለ ምን ቀረ? ወጌሻ ተጠራ። ቅቤ ቀብቶ አሻት። ሁለት ሌሊት ስታቃስት አደረች።

ጥፋቴን ልናዘዝ። ራጁ የወገብ እንጂ የዳሌ አልነበረም። የዳሌ ቢሆንም ላያሳየኝ ይችል ነበር። ሳክረም የምንለው፣ ከአከርካሪው ግርጌ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት፣ ራጅ ላይ አንጀት ውስጥ ያለው ጋዝና ሰገራ ይጋርደዋል። አጥንቱ ሲሳሳ ደግሞ ራሱ ደብዝዞ ነው የሚወጣው። ታዲያ ቀጭኗን ስንጥቅ ከምኑ ለይተህ ታያታለህ? ይህን ለሬዚደንቶች፣ ስፔሻሊቲ ለሚማሩ ሐኪሞች፣ ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ። ለአክስቴ ሲሆን ረሳሁት።

አክስቴ የተሰበረችው ይኸው ሳክረሟ ላይ ነበር፣ ሳትወድቅ። ሯጭ ወይም ምልምል ወታደር ደህና አጥንቱን ከልክ በላይ ሲያሠራው ይሰነጠቃል። የአክስቴ ግልባጩ ነው፤ ጫናው የወትሮው ነው፣ የከዳት አጥንቱ ነው። የወር አበባ ከቆመ በኋላ አጥንት ስለሚሳሳ በብዛት የምናየው ትልልቅ ሴቶች ላይ ነው። ለዓመታት ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት የወሰዱም አሉበት። የሳክረሙ ስብራት ራሱን ችሎ በሕክምና መጽሔት የተጻፈው በፈረንጆቹ 1982 ነው፣ ሉሪ በተባለ ሐኪም። ብዙም ሩቅ አይደለም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አክስቴ አሁንም ግድግዳ እየያዘች ነው የምትሄደው። በዚህ መሃል አንድ ቦታ የወገብ ኤምአርአይ ተነስታለች። ሪፖርቱ ከላይ እስከ ታች ስለ ዲስክ፣ በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ስላለው ትራስ፣ ነው የሚያወራው። በ74 ዓመቱ ዲስኩ ያልተነካ ሰው ካለ አሳዩኝ!

ሲዲውን አስመጣሁና በዚህኛው ጊዜ በደንቡ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። የወገብ ኤምአርአይ ስናነብ ዓይናችን መሃል መሃሉን ነው የሚሄደው፣ ነርቭና ዲስክ ያለበትን። ከዳር ያሉትን የመጨረሻዎቹን ቁራጮች እናልፋቸዋለን። የሳክረሙ ክንፍ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ያለው ጎኑ፣ ደግሞ ያለው እዚያ ነው። የአክስቴ መቅኔ፣ ስብን በሚያፈካው ቲ-ዋን በምንለው የኤምአርአይ ምስል ላይ፣ ስብ ስላለው ፈካ ማለት ነበረበት። ጠቁሯል፣ አመድ የተነፋበት ይመስል። እርጥበትን በሚያጎላው ምስል ላይ ያው ቦታ ቦግ ብሎ በርቷል። በግራም፣ በቀኝም። አጥንቱ ተጎድቷል ማለት ነው።

በማግስቱ ዳሌዋን ብቻ በኤምአርአይ አስነሳናት። ሳክረሙ በቁሙ ሲታይ ሁለት ቋሚና አንድ አግዳሚ መስመር ወጣ፤ ሆንዳ መኪና አፍንጫ ላይ ያለችው ምልክት ቁርጥ። እኛም ስሟን ሆንዳ ሳይን ብለናታል። ከፊት በኩልም የቀኙ ፑቢክ አጥንት፣ የዳሌው የፊት አጥንት፣ ተሰንጥቋል። ዳሌ ቀለበት ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ መሰበር አይወድም። ከኋላ ስንጥቅ ካገኘህ ከፊትም ፈልግ።

ደግነቱ ማንም "ካንሰር ነው" አላላትም። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት ለማኅፀን ጫፍ ካንሰር ጨረር የወሰዱ አንዲት እናት "አጥንት ላይ ተሰራጭቷል?" የሚል ወረቀት ይዘው መጥተው ነበር። ጨረር ካንሰሩን ሲመታ የዳሌውንም አጥንት ያዳክማል። ሲቲ ስካን ስናነሳቸው የስብራቱ መስመር ሳክረሙ ከዳሌው ጋር ከሚገናኝበት መገጣጠሚያ ጎን ለጎን ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ በዙሪያው ዕጢ የለም። ስብራት ነበር። ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ በደስታ። እንዲህ ዓይነቱን ቦታ ናሙና ለመውሰድ መቸኮልም ጥሩ አይደለም፤ እየጠገገ ያለ አጥንት ማይክሮስኮፕ ሥር ሰው ያሳስታል።

የአክስቴ ሕክምና ብዙ ወሬ የለውም። ማስታገሻ፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ፣ የአጥንት ማጠንከሪያ መድኃኒት፣ ይዘውት የሚራመዱት መደገፊያ ዎከር። ተኝቶ መክረም የለም፤ እግር ላይ ደም ይረጋል፣ አጥንቱም ይብስ ይሳሳል። ወጌሻውን እኔው ራሴ ደውዬ አመስግኜ አሰናበትኩት።

ፍልሰታ ሲገባ ልጠይቃት ሄድኩ። ዎከሩን ጥግ አቁማዋለች፣ ነጠላ ተሰጥቶበታል። በከዘራ ነው የምትሄደው።

"የንስሐ አባቴ ቆመሽ አጎንብሺ፣ ይበቃሻል ብለውኛል" አለችኝ።

"ጎሽ።"

"አንተ ግን ያን ጊዜ ፎቶውን በደንብ አይተኸው ነበር?"

ቡናዬን ፉት አልኩ።