አቮካዶው ላይ የወጣው ሐረግ

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ሲያወርደው ባደረ ማግስት፣ ጅማ ውስጥ ባለ አንድ የመሥሪያ ቤት ግቢ የጥበቃ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ግማሽ አቮካዶ ተጋድሞ ተገኘ። ግማሽ የተባለው ለማጋነን አይደለም። ከሁለቱ ዋና ቅርንጫፎች አንዱ ከመገንጠያው ተሰንጥቆ፣ የግንዱን ልጥ ክንድ ያህል ልጦ ነው የወረደው። አብሮት የወረደው የፓሽን ፍሩት ሐረግ ግን አንድም ቦታ አልተበጠሰም።

የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ሐረጉ ዛሬውኑ ይነቀል አለች። አትክልተኛው መጋዙን እንደያዘ ቆመ።

«ጋሼ፣ ምን ይጠብቃሉ? ዛፉን የሰበረው እኮ እሱ ነው።»

«እሱ ምን ያድርግ ልጄ! ባላና ሽቦ ስጡኝ ብዬ ነበር። ባላው ሲጠፋ ዛፉን ሰጠሁት።»

አልዋሸም። ከሦስት ዓመት በፊት ለጥቂት የባሕር ዛፍ ምሰሶና ለአንድ ጥቅል ሽቦ የቀረበው የግዥ ጥያቄ በጀት የለም ተብሎ ተመልሷል። ችግኙ ግን ቀድሞ መጥቶ ስለነበር ከአቮካዶው ግንድ 40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ተተከለ። ያኔ ይህን ነውር ያለ ሰው አልነበረም። በጅማ ጥላ የሚታማ ነገር አይደለም፤ ቡና ከዋንዛና ከሳሳ ሥር ሲያምርበት እያየ ያደገ ሰው ሌላውም ተክል ጥላ የሚጠላ አይመስለውም። ፓሽን ፍሩት ግን ፀሐይ ካላገኘ አያብብም። የሚያብበውም በዚያው ወቅት በወጣ ለጋ ቡቃያ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ታች ያለውን ጨለማ ትቶ ሽቅብ ሮጠ፣ የአቮካዶውን አናት እንደ ብርድ ልብስ ለበሰውና ፍሬውን እዚያ ላይ ያዘ። የበሰለ ፓሽን ፍሩት ራሱ ስለሚወድቅ ማንም መውጣት አላስፈለገውም። ችግሩ ከስድስት ሜትር ከፍታ ሲሚንቶ ላይ መውደቁ ነው። ጠዋት የወደቀው ተሰንጥቆ እስከ ምሳ ሰዓት ጉንዳን ይወርሰዋል።

የአቮካዶው ጉዳት ከዚህ የከፋ ነበር፣ ምክንያቱም ቀስ ብሎ የመጣ ነው። የወደቀው ቅርንጫፍ ሲገላበጥ ውስጡ ራቁቱን ነበር፦ ቅጠል ያለው ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ፣ ከሐረጉ ሥር የቀረው ቀንበጥ ሁሉ ደርቋል። የሐረጉ ቀጫጭን መያዣዎች እንደ ስፕሪንግ ተጠቅልለው ቀንበጡን ከቀንበጥ ጠፍረውታል። የአቮካዶ እንጨት ተሰባሪ ነው፤ ንፋስ ሲመጣ የሚተርፈው እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ለየብቻው ስለሚወዛወዝ ነው። እዚህ ግን ሁሉም በአንድ ገመድ ታስሮ፣ በዝናብ የራሰ የሐረግ ክምር ተሸክሞ፣ ንፋሱን እንደ ሸራ ተቀበለው። የተሰነጠቀውም ሁለቱ ቅርንጫፎች ተጠጋግተው በወጡበት ጠባብ ማዕዘን ላይ ነው።

መሬቱም ላይ ሌላ ጥፋት ነበር። ለሐረጉ ፍግ ለማስገባት ዙሪያው በየዓመቱ በዶማ ይቆፈራል፣ ከዚያም አፈሩ ወደ ግንዱ ይከመራል። አቮካዶ ምግቡን የሚስበው በአብዛኛው ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ሥሮች ነው። ዶማ ባረፈ ቁጥር የሚቆረጡት እነሱ ናቸው። የተከመረው አፈር ደግሞ በጅማ ዝናብ ልጡን ለወራት እርጥብ አድርጎ ያቆየዋል። አትክልተኛው አፈሩን በእጁ ገፋ አድርጎ የግንዱን ሥር በቢላ ጫፍ ሲፍቀው፣ ነጣ ብሎ መታየት የነበረበት ልጥ በአንድ በኩል ቡናማ ሆኖ ተገኘ። ሥር አበስባሽ በሽታ የሚገባው እንዲህ ባለ በር ነው።

እንግዲህ ለግቢ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ከዚያ ቀን በኋላ በቢሮው ውስጥ ደራ። ክርክሩ የሚከብደው ሁለቱን በአንድ ሚዛን ለሚያስቀምጥ ሰው ነው። አቮካዶ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ሰው የሚቀመጥበት ጥላ ይሰጣል፣ ከተያዘ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል፤ ነገር ግን የተዳቀለው፣ ማለትም በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ ተጣብቆ ያደገው እንኳ ፍሬ ለመስጠት ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈልጋል። ፓሽን ፍሩት በዓመት ገደማ ውስጥ ያፈራል፣ አበባው ፍሬ ሆኖ ለመብሰልም ከ60 እስከ 80 ቀን ይበቃዋል። ጥቂት ዓመት ካፈራ በኋላ ግን ይደክማል፣ በአዲስ መተካት አለበት። ከ1,700 ሜትር በላይ ለሆነችው ጅማ የሚስማማው ሐምራዊው ዓይነት ነው፤ ቢጫው ቆላ ይወዳል። ወይን እንትከል ያለም ነበር። ወይን የዝዋይን ደረቅ አየር ይፈልጋል፤ በጅማ ክረምት ሻጋታ ይጨርሰዋል። ሰፊ ቦታና ትዕግሥት ያለው ዛፉን፣ ጠባብ ቦታና ፀሐያማ አጥር ያለው ሐረጉን ቢተክል ይሻላል። ሁለቱንም የሚፈልግ ቢያንስ 6 ሜትር ያራርቃቸው።

ሐረጉ አልተነቀለም፤ ተቆረጠ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። እርጥብ ሐረግ ሲጎተት የቀረውን ቀንበጥ ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ከመሬት በላይ ተቆርጦ ሁለት ሳምንት ያህል ዛፉ ላይ እንዲጠወልግ ተተወ፣ ከዚያ በመቀስ እየተቆራረጠ ወረደ። የተሰበረው ጉቶ ዝናብ በሌለበት ቀን ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ ካለው እብጠት ውጭ በኩል፣ ግንዱ ሳይነካ ተስተካክሎ ተቆረጠ፤ የተላጠው ልጥ ዳርም በስለት ተስተካከለ። ድንገት ለፀሐይ የተጋለጠው ልጥ እንዳይቃጠል ቀጠን ያለ ኖራ ተቀባ። የተከመረው አፈር ተነሥቶ የድቀላው ቦታ ከመሬት በላይ እንዲታይ ተደረገ።

ለአዲሱ ሐረግ ከአሮጌው ቁራጭ አልተወሰደም። አንዳንድ ቅጠሉ ተጨማድዶ ዝንጉርጉር ሆኖ፣ ጥቂት ፍሬውም ልጡ ወፍሮ እንደ እንጨት ጠንክሮ ነበርና ቫይረስ ሳይኖርበት አይቀርም። ከሌላ ግቢ ከመጣ ጤናማ ፍሬ የወጣ ዘር ታጥቦ በፕላስቲክ ከረጢት ተዘራ።

በዚህ ጊዜ ምሰሶው ተገኘ። 2.5 ሜትር ርዝመት ያለው የባሕር ዛፍ፣ 50 ሳንቲ ሜትሩ ተቀብሮ፣ በየ5 ሜትሩ። መሬት የሚገባው ጫፍ በተቃጠለ ዘይት ተነክሯል፤ ይህ ምስጡን ጥቂት ቢያዘገየውም አፈር ስለሚበክል ብዙ የሚደገፍ አይደለም። አናቱ ላይ አንድ የ2.5 ሚሊ ሜትር ጋልቫናይዝድ ሽቦ ተወጠረ። ብዙ ሰው የሚስተው የዳር ምሰሶዎቹን ነው። ወደ ውጭ በሚስብ ሽቦ ካልታሰሩ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ውስጥ ያጎነብሳሉ፣ ሽቦውም ይረግባል። ችግኙ በየ3 ሜትሩ፣ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጉድጓድ፣ የላይኛው አፈር ከአንድ ባልዲ ከበሰለ ፍግ ጋር ተደባልቆ ይተከላል። የበሰለ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ ሲበዛም ሐረጉ ቅጠል በቅጠል ይሆንና አበባ ይረሳል። አንዱ ቡቃያ በሲባጎ ወደ ሽቦው ይመራል፣ በመንገዱ የሚወጡት የጎን ቡቃያዎች ይቀነጠሳሉ። ሽቦው ላይ ሲደርስ ጫፉ ይቆረጥና ሁለት ክንድ ግራና ቀኝ ይለቀቃል። ከክንዶቹ ወደ ታች የሚንጠለጠሉት ናቸው የሚያፈሩት። መሬት እንዳይነኩ 30 ሳንቲ ሜትር ሲቀራቸው ይከረከማሉ፣ ምርቱ ካለቀ በኋላም አራት አምስት አንጓ ተትቶላቸው ያጥራሉ። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ጊዜ ውኃ ካላገኘ እምቡጡን ይጥላል።

አቮካዶው ተርፏል፣ ጎባጣ ቢሆንም። ከሥሩ የሚረግፈው ቅጠል ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ጉዝጓዝ ሆኖ እንዲቆይ ለጽዳት ሠራተኞቹ ተነግሯል። ኃላፊዋ እንግዳ በሚመጣበት ቀን ሁሉ «ጋሼ፣ ይቺን ቅጠል ዛሬ ብቻ እንኳ ብናስጠርጋት?» ትላለች። አትክልተኛውም «እንግዳው ሲሄድ ትመልሽልኛለሽ?» ይላታል።