ጂ 10 ነው ብለን እንለፍ

ሐምሌ ሲገባ ሰው ሁሉ የሚተክዝበት የራሱ ምክንያት አለው። የኔ ፊዚክስ ነው። የቤታችን ትንሿ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍልን ምዕራፎች ከመጀመሪያው እያገላበጠች ነው። ፈተናው ደርሷል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ተፈታኟ ረጋ ብላለች፣ ሆድ የባሰኝ እኔን ነው።

ለክለሳ ከሁሉ በፊት ዩኒት። ጥያቄው ፍጥነቱን በኪሎ ሜትር በሰዓት ይሰጥና ምርጫዎቹን በሜትር በሰከንድ ይደረድራል። ለ3.6 ማካፈል ነው፤ 36 ማለት 10፣ 54 ማለት 15፣ 72 ማለት 20። እነዚህን በቃሉ የያዘ ልጅ ካልኩሌተር በሌለበት ፈተና ደቂቃ ያተርፋል። ከዚያ የፍሬን ጥያቄ ይመጣል። በ20 ሜትር በሰከንድ የምትሄድ መኪና ፍጥነቷ በየሰከንዱ በ5 እየቀነሰ ብትቆም፣ 20ን በራሱ አባዝቶ ለ2 ጊዜ 5 ማካፈል፤ 40 ሜትር። ፍጥነቱ ግማሽ ቢሆንስ? እጅ ቶሎ ብሎ 20ን ያከብባል። 20 ከምርጫዎቹ ውስጥ የተቀመጠውም ለዚሁ ነው። ርቀቱ የሚከተለው የፍጥነቱን ስኩዌር ስለሆነ መልሱ 10 ነው።

ወደ ላይ የተወረወረችው ኳስማ የዘመናት ወጥመድ ናት። በ20 ሜትር በሰከንድ ከተነሳች ለ2 ሰከንድ ወጥታ 20 ሜትር ላይ ትደርሳለች። እዚያ ጫፍ ላይ ዜሮ የሚሆነው ፍጥነቷ ብቻ ነው። አክስለሬሽኗም (ፍጥነቷ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) ዜሮ ቢሆን ኖሮ እዚያው አየር ላይ ቆማ በቀረች። ወደ ላይ ፖዘቲቭ ብለን ከጀመርን ጂ፣ ማለትም የምድር ስበት የሚሰጣት አክስለሬሽን፣ ስትወጣም፣ ጫፍ ላይም፣ ስትወርድም ኔጌቲቭ 10 ነው። መንገድ ላይ ምልክት የሚቀይር ሰው ስሌቱ ሁሉ ልክ ሆኖ መልሱ ይበላሽበታል። የጠረጴዛና የመጽሐፉም ነገር እንዲሁ ነው፤ ክብደትና ኖርማል ፎርስ (ጠረጴዛው መጽሐፉን ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል) እኩል ስለሆኑ ብቻ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ የድርጊትና አጸፋ ጥንድ አይሆኑም። ሁለቱም የሚያርፉት መጽሐፉ ላይ ነው፤ ጥንድ ግን በሁለት የተለያዩ አካላት ላይ ነው የሚያርፈው።

ቀጣዩ ቀላል ነበር። ማሱ (የቁሱ መጠን) 60 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው ክብደቱ ስንት ነው? ማሱ ጊዜ ጂ፣ 60 ጊዜ 10፤ 600 ኒውተን። ትንሿ ጻፈችና አለፈች። እኔ እዚያው ቀረሁ።

ጂን 10 ማለት ለፈተና ምንም አይጎዳም፤ ስህተቱ 2 በመቶ ገደማ ነው፣ ምርጫዎቹም ከዚያ በላይ ይራራቃሉ። ግን አዲስ አበባ ላይ ጂ 10 አይደለም፤ በየመጽሐፉ ያለው 9.8 እንኳ ትንሽ ይበዛባታል። 9.77 አካባቢ ነው። ከምድር ወገብ ብዙም አልራቅንም፤ ምድር እዚያ ላይ ሆዷ ሰፋ ስለሚል ከመሐሏ እንርቃለን፣ የሽክርክሪቷም ድርሻ አለበት። በዚህ ላይ ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ያ ሰው እዚህ 586 ኒውተን ነው።

ይህን ቤት ውስጥ መፈተሽ ይቻላል። ክር ላይ ትንሽ ድንጋይ ወይም ብሎን አስሮ ከበር መቃን ላይ ማንጠልጠል፤ ፔንዱለም ማለት ይኸው ነው። ርዝመቱ ከታሰረበት እስከ ድንጋዩ መሐል 1 ሜትር ይሁን፤ እስከ ቋጠሮው የሚለካ ሰው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ይጎድልበታል። 1 ሳንቲ ሜትር ብትሳሳት ጂ በ0.1 ይዛባል። ውዝዋዜው ከ10 ዲግሪ አይብለጥ። ሲለቀቅ "ዜሮ" ብሎ ነው መቁጠር የሚጀመረው፤ "አንድ" ብሎ የጀመረ አንድ ዙር ይሰርቃል። ጂ ሲያንስ ውዝዋዜው ይዘገያል፤ እዚህ 100 ሙሉ ዙር ምልልስ 201 ሰከንድ ይፈጃል። ጂ እውነት 10 ቢሆን ኖሮ 198.7 ላይ ባለቀ ነበር። የሁለት ሰከንድ ልዩነት ደግሞ በስልክ ሰዓትም ይያዛል።

ፈረንሳዊው ዣን ሪሼ በ1672 ደቡብ አሜሪካ ካየን ሲደርስ ያጋጠመው ይኸው ነው። ፓሪስ ላይ ልክ የነበረው የፔንዱለም ሰዓት እዚያ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ወደ ኋላ ቀረበት፤ ፔንዱለሙን ማሳጠር ግድ ሆነ። ኒውተን በኋላ ምድር ወገቧ ላይ የሰፋች መሆኗን ሲያስረዳ ይህን ልኬት ጠቅሷል። አንድ ሰነፍ ሰዓት ይህን ያህል ነገር ሲናገር!

እዚህ ላይ ክለሳው ቀረና ቡናው መጣ። ጅማ ላይ 60 ኪሎ የሆነ ጆንያ፣ እዚያው ጅማ ላይ በተስተካከለ ባለ ስፕሪንግ ሚዛን ተመዝኖ፣ ከሚዛኑ ጋር ጅቡቲ ይውረድ። ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሏል፤ ጂ ጨምሯል፤ ሚዛኑ 40 ግራም ገደማ አብዝቶ ያነባል። አንዲት ፍሬ ሳትጨመር! ዲጂታሉም አያመልጥም፤ ውስጡ የሚለካው ኃይልን ነው፣ ኪሎ ብሎ የሚጽፈው አስልቶ ነው። የተዛወረ ሚዛን በደረሰበት ቦታ ማሱ በታወቀ ብረት እንደገና መስተካከል ያለበት ለዚህ ነው። በሁለት ክንድ የሚመዝነው የድሮው ሚዛን ብቻ አይታለልም፤ ቡናውም ብረቱም እኩል ይከብዱበታልና።

እርግጥ እርጥበቱ ከ12 ወደ 11 በመቶ ቢወርድ ያው ጆንያ 670 ግራም ያህል ያጣል፤ የኔን 40 ግራም ማንም አይቶ አያውቃትም። ቢሆንም ሚዛኑን ዳግም ሳያስተካክሉ በኪሎ የገዛ ሰው፣ የከፈለው ለቡናው ነው ወይስ ለቁልቁለቱ?

ትንሿ ሞመንተምን ጨርሳ ኤሌክትሪክ ላይ ደርሳለች። "ታዲያ መልሱ 600 አይደለም?" አለችኝ ቀና ሳትል። 600 ነው አልኳት። እኔ ባለቤት የሌለው 40 ግራም ቡና ታቅፌ ቁጭ ብያለሁ፤ እሱም ተቆልቶ አይጠጣ።