ወፍራም መጽሐፍ ይዞ የመቀመጥ ልምምዴ፣ ከደሴ

«ንባቡ እንዴት እየሄደ ነው?» እያላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ ይኸው እስካሁን ያለውን ልንገራችሁ። አዲስ ለገባችሁ ባጭሩ፦ ኮምቦልቻ እሠራለሁ፣ ደሴ እኖራለሁ። ልጅ ሳለሁ መጽሐፍ ከያዝኩ እራት እንኳ ተጠርቼ የምመጣ አልነበርኩም። አሁን አሁን ግን ሁለት ገጽ ሳልሄድ እጄ ስልክ ፍለጋ ይሄዳል። ዓይኔ መስመሩን ይጨርሳል፣ ሐሳቤ ግን እዚያ የለም። ብዙዎቻችሁ የምትሉትም ይህንኑ ስለሆነ እዚህ ላይ አልቆይም።

ይህን ለማስተካከል ስነሳ፣ መጀመሪያ ስልኩን ለመከልከል አልሞከርኩም። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ወረቀት አስገባሁና እጄ ወደ ስልክ በሄደ ቁጥር የቱ ጋ እንደደረስኩ መጻፍ ጀመርኩ። ጥፋተኛው ኖቲፊኬሽን ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ስልኩ ግን ድምፁ ጠፍቶ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል፤ የማነሳው እኔው ነኝ።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ግሎሪያ ማርክ የምትባል ተመራማሪ አለች። ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ሲሠሩ ትኩረታቸው የት የት እንደሚሄድ ለብዙ ዓመታት ስትለካ ቆይታለች። እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ አንድ ሰው ወደ ሌላ ከመዝለሉ በፊት አንድ ስክሪን ላይ በአማካይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይቆይ ነበር። በቅርብ ዓመታት ይህ ወደ 47 ሰከንድ ወርዷል። እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ሌላው ግኝቷ ነው። ሥራችንን ከሚያቋርጡብን ነገሮች ግማሽ ያህሉን ያመጣብን ሌላ ሰው አይደለም፤ ራሳችን ነን። ወረቀቴም የሚለው ይህንኑ ነው።

ወረቀቱን ደጋግሜ ሳየው አንድ ነገር ገባኝ። የማቋርጥባቸው ቦታዎች ይመሳሰላሉ። ሲሰለቸኝ ስልኩን የማነሳ ይመስለኝ ነበር፤ የማነሳው ግን ጽሑፉ ሲከብደኝ ነው።

የማነበው ስለ ንጉሥ ሚካኤል ዘመን የሚተርክ የታሪክ መጽሐፍ ነበር። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ይወርዳሉ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ይዘምታሉ። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ላይ ይሸነፋሉ። ለደሴ ልጅ ይሄ የሰፈር ወሬ ማለት ነው፤ የአይጠየፍን አዳራሽ ያሠሩት ሰውዬ ታሪክ እኮ ነው! ታዲያ ታሪኩ አይሰለችም። ግን መሐል ላይ ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ ይደራረቡና ማን የማን አማች እንደሆነ ይጠፋብኛል። ይሄኔ «ቆይ፣ ሰገሌ በየት በኩል ነው? ካርታ ልይ» እላለሁ። ሰበቤ ደግሞ የተከበረ ነው፣ ጥናት ነው! ከዚያ ሰገሌን ሳላገኝ የማላውቃት ሴትዮ ቲክቶክ ላይ ቤቷን ስታጸዳ እያየሁ ራሴን አገኘዋለሁ።

ስለዚህ ሁለተኛ ወረቀት ጨመርኩ። ጥያቄ ሲመጣብኝ ስልክ አላነሳም፣ እጽፈውና ንባቤን እቀጥላለሁ። የዕለቱን ንባብ ሳበቃ ጥያቄዎቹን አንድ ላይ እፈልጋቸዋለሁ። ከሞከርኳቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚህ የሠራልኝ የለም። ብዙዎቹን ጥያቄዎች መጽሐፉ ራሱ ሁለት ሦስት ገጽ አለፍ ብሎ ይመልሳቸዋል። ሰገሌ ሸኖ አካባቢ እንደሆነች ያወቅኩትም እንደዚያ ነው። ሌሎቹን ማታ ሳያቸው «ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልኛል?» ብዬ እሰርዛቸዋለሁ። የሚተርፉት ጥቂቶች እውነተኛ ጥያቄዎች ናቸው። እነሱን ይዤ ስገባ ኢንተርኔት ጌታ ነው። የምፈልገውን አውቃለሁ፣ አገኛለሁ፣ እወጣለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ጥፋቱ ሁሉ የኢንተርኔት ቢሆን ኖሮ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን በአማራ ሲቋረጥ ሁላችንም ሊቅ ሆነን በወጣን ነበር። ለወራት ዳታ የሚባል ነገር አልነበረም። እኔ ያኔ ያነበብኩት ነገር ትዝ አይለኝም። ከጓደኞቼ ጋር ተከታታይ ፊልም በፍላሽ ስንቀባበል ነው የከረምነው። በእርግጥ በዚያ ጭንቀት ማን ተረጋግቶ ያነባል? ቢሆንም፣ ስልኩ ባዶ ስለሆነ ብቻ ከመጽሐፍ ጋር የመቆየት አቅም ተመልሶ እንደማይመጣ ያየሁት ያኔ ነው።

የስልኩ ቦታም ይጠየቃል፣ እሱንም ልበል። እ.ኤ.አ. በ2017 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አድሪያን ዋርድና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት አለ። ስልካቸውን ሌላ ክፍል ትተው ፈተና የወሰዱ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት የተሻለ ውጤት አመጡ ይላል። በኋላ ሙከራውን የደገሙ አንዳንድ ተመራማሪዎች ግን ያንን ልዩነት አላገኙትም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አልተቀበልኩትም። ስልኬን ግን ሳሎን ትቼ ነው የምገባው። የእኔ ምክንያት የደሴ ብርድ ነው። ማታ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ቅዝቃዜ ቤቱን ሲሞላው፣ ከጋቢ ወጥቶ በባዶ እግር ሲሚንቶ ረግጦ ስልክ ለማምጣት ከባድ ጉዳይ ሊኖርህ ይገባል። የኮምቦልቻ ልጆች፣ ከተማችሁ ሞቃት ስለሆነ ይሄ ለእናንተ አይሠራም፤ ሌላ ዘዴ ፈልጉ። በሚኒባስ ስመላለስ ላንብብ የሚል ካለ ደግሞ ሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ እንዳትሞክሩት። ራስ ያዞራል። እኔ መንገዱን መስኮት በማየት ነው የማሳልፈው፣ ጆሮ ማዳመጫም ትቻለሁ።

ሌላው የጠቀመኝ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ነው። ሐሳቡን ያገኘሁት ከአያቴ ነው። አያቴ ቄስ ትምህርት ቤት ያለፉ ናቸው። ግዕዝ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያሉ በደረጃ ነው የተማሩት፤ ዛሬም ዳዊት ሲደግሙ ድምፃቸው ከጓዳ ይሰማል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ በልጅነቱ ቁርአን የቀራው ሉህ (የእንጨት ሰሌዳ) ይዞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። ሁለቱም ቤት ዓይን ዘሎ እንዲያልፍ አይፈቀድም። ስክሪን ላይ የምናደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ያኮብ ኒልሰን የሚባል ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2006 የ232 ሰዎችን የዓይን እንቅስቃሴ ተከታትሎ ነበር። ብዙዎቹ ከላይ ያሉትን መስመሮች በአግድም ያዩና ከዚያ በግራ ጠርዝ ቁልቁል ይወርዳሉ። እኔም መጽሐፉን እንደዚያ ነበር የማነበው። አሁን አንድ አንቀጽ ሲከብደኝ ድምፄን አውጥቼ አነበዋለሁ። ምላስ እንደ ዓይን አይዘልም። የካናዳው ተመራማሪ ኮሊን ማክላውድና ባልደረቦቹም ድምፅ ተሰጥቶ የተነበበ ቃል በዝምታ ከተነበበው የበለጠ እንደሚታወስ አሳይተዋል። ባለቤቴ መጀመሪያ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ትለኝ ነበር፣ አሁን ለምዳዋለች። እንዲያውም አንዳንዴ «እስቲ ያችን ድገማት» ትላለች።

የት ደረስክ ካላችሁ፣ የታሪክ መጽሐፉን ጨርሻለሁ። አንድ ምዕራፍ ሳልነሳ እዘልቃለሁ። እጄ አሁንም ወደ ኪሴ ይሄዳል፣ ግን ባዶ ኪስ ነካ አድርጎ ይመለሳል።

ያልሆነልኝ ፒዲኤፍ ነው። ለማስተርስ የሚሰጡን ጽሑፎች በሙሉ በእንግሊዝኛ፣ በሙሉ ስክሪን ላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ 54 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ አለ፤ ተሳታፊዎቹ ከ170,000 በላይ ናቸው። መረጃ የሚሰጥ ጽሑፍ በወረቀት ሲነበብ የተሻለ ይገባል፤ ጊዜ ሲጣበብ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ልቦለድ ላይ ግን ልዩነቱ አልታየም። የእኔም ነገር እንደዚያው ነው፣ ልቦለድ ስልክ ላይ ይሄድልኛል። ለጊዜው ከባዶቹን ምዕራፎች ፒያሳ ኮፒ ቤት እያስወጣሁ ነው፤ የወረቀቱ ዋጋ ግን ኪስ እየጎዳ መጥቷል። ቀሪዎቹን ላፕቶፕ ላይ ዋይፋይ አጥፍቼ፣ ሁለቱን ወረቀቶቼን አጠገቤ አድርጌ ልሞክር ነው። ከእናንተ መካከል ከባድ ጽሑፍ ስክሪን ላይ አንብቦ የሚገባው ካለ እንዴት እንደሚያደርገው ይጻፍልኝ። በተለይ እንግሊዝኛውን።