ያሰረዝኩት ስምንት

ጅማ ውስጥ በአንድ ቡና ላኪ ቅምሻ ክፍል ስሠራ የሆነ ነው። አንድ ቅዳሜ፣ የጀንፈሉ፣ ከነልጣጩ የደረቀው ቡና፣ ናሙና ተቀምሶ ካለቀ በኋላ፣ ዋና ቀማሻችን ከጀርመን የመጣላቸውን ሁለት ጠርሙስ ቢራ ይዘው ገቡ። ስሙን በወረቀት ሸፍነውታል። «እንደ ቡናው ዝም ብላችሁ ቅመሱ፤ ከ10 ነጥብ ስጡ» አሉን።

አብዛኛውን ቀስ ብለው ቀዱ፤ ግርጌ የቀረውን ግን ጠርሙሱን አዙረው አዙረው አረፋው ላይ ጨመሩት። አተላውን! ቢራው ደፈረሰ። ሳሸተው መጀመሪያ የበሰለ ሙዝ፣ ቀጥሎ ቅርንፉድ መጣብኝ። ጀንፈል ማድረቂያ አልጋው ላይ በወፍራሙ ተሰጥቶ ሳይገላበጥ ሲቀር እንዲህ ያለ የቦካ ፍራፍሬ ሽታ ያመጣል፤ ስንቱን ናሙና በዚህ ጥያለሁ። 3 ጻፍኩ።

አጠገቤ ሥራ ከጀመረች ሁለት ወር የሆናት ተለማማጅ ነበረች። ሲቀመስ መነጋገርም የሰው ወረቀት ማየትም ክልክል ነው፤ እኔ ግን አየሁባት። 8 ብላለች፤ ከጎኑ «ጉሽ ነው፣ ይጥማል»። እናቷ ጠላ ጠምቀው ነው ያሳደጓት። «ይሄ ጠላ ቤት አይደለም፤ አስተካክዪው» አልኳት። ምንም ሳትመልስ ሰርዛ 4 አደረገችው።

ሽፋኑ ሲነሳ ፓውላነር ነው፤ የሙኒክ የስንዴ ቢራ፣ ጀርመኖች ከየሱቁ የሚገዙት። ጠርሙሱ ላይ «ናቱርትሩብ» ይላል፤ በተፈጥሮው ድፍርስ ማለት ነው። ከብቅሉ ቢያንስ ግማሹ ስንዴ ነው። እኛ የለመድነው ላገር የሚባለው ቢራ በቅዝቃዜ ተብላልቶ ይጣራል፤ የዚህኛው እርሾ ግን ሞቅ ባለበት ይሠራና አይሶአሚል አሲቴት የሚባለውን የሙዝ ሽታ ያወጣል። ቅርንፉዱም፣ 4-ቪኒል ጓያኮል የሚሉት፣ የዚያው የእርሾው ሥራ ነው። እርሾው ግርጌ ስለሚዘቅጥ ነው አዙረው የቀዱት። እኔ ጉድለት ብዬ የቀነስኩበት ሁሉ ቢራው የሚፈለግበት ነገር ነበር።

ስለ 3ቱ ብዙም አልቆጨኝም፤ ቢራውን አላውቀውም ነበር። ልቤን የበላው የሷ ወረቀት ነው። ዋና ቀማሻችን ሰብስበው ሲያዩ እዚያ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይሄን 8 ለምን ሰረዝሽው?»

አቀረቀረች።

«እኔ ነኝ ያሰረዝኳት፣ ጋሼ» አልኩ።

አልተቆጡኝም። ሁለተኛውን ጠርሙስ ለሷ ሰጧትና «ቅጂልን» አሏት። እስከ መጨረሻው አተላ ቀዳችልን።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያውን ትሪ ቀምሰን ስንጨርስ ወረቀቴን ደፋሁና በቅድሚያ እሷን ጠየቅኳት።