ከእጄ ያወጣኋቸውና በእጄ ያስቀረኋቸው ሥራዎች

አነስተኛ ማተሚያ ቤት ከፍቼ ስጀምር ዋጋ የማወጣው፣ የደንበኛን ጽሑፍ የማርመው፣ ወረቀት የምገዛው፣ ደረሰኝ የምቆርጠውና የዕለቱን ሒሳብ የምዘጋው እኔ ነበርኩ። ለጀማሪ ድርጅት ይህ ተገቢ ነው ብዬ ዛሬም አምናለሁ፤ ባለቤቱ ሥራውን በገዛ እጁ ሳይሠራው ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅና የት ላይ እንደሚበላሽ ሊያውቅ አይችልም፤ ይህን ሳያውቅ ለሌላ ቢያስረክበው ደግሞ ተረካቢውን መምራትም መቆጣጠርም ይቸግረዋል።

ብዙ የሥራ ባልደረቦቼ ሥራ የማካፈያ ጊዜውን በድካማቸው ይለካሉ። እኔ ድካምን አስተማማኝ መለኪያ ሆኖ አላገኘሁትም፤ ሥራውን የሚወድ ሰው ድርጅቱ በእሱ ምክንያት መዘግየት ከጀመረ በኋላም ድካሙ ላይሰማው ይችላል። ለእኔ ምልክት የሆነኝ ሥራው እኔን መጠበቁ ነው። ማሽኑ ተዘጋጅቶ፣ ወረቀቱም ተቆርጦ፣ ናሙናውን አይቼ «ይታተም» እስክል ድረስ ሁሉም ሲቆም ድርጅቱ ከእኔ ፍጥነት በላይ ሊሄድ እንደማይችል ግልጽ ሆነልኝ። ስለዚህ ማን ምን ሊጠይቀኝ እንደመጣና መልስ እስኪያገኝ ምን ያህል እንደቆየ በደብተር መመዝገብ ጀመርኩ። መዝገቡን ሳነበው አብዛኞቹ ጥያቄዎች የሚደጋገሙ፣ መልሳቸውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። መልሱ የማይለወጥ ጥያቄ በጽሑፍ መመሪያ ሊመለስ ይችላል።

«እኔ ግን ከሁሉም የተሻለ እሠራዋለሁ» የሚለው ሐሳብ ቀላል ተቃውሞ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እውነት ነውና። መልሱን ያገኘሁት የምጣኔ ሀብት ሊቁ ዴቪድ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 ካቀረበው ምሳሌ ነው። በምሳሌው ፖርቱጋል ለዓመቱ ወይን 80፣ ለጨርቁ 90 ሰዎች ሲበቋት፣ እንግሊዝ ለጨርቁ 100፣ ለወይኑ 120 ያስፈልጓታል። ፖርቱጋል በሁለቱም ትበልጣለች፤ ያም ሆኖ ይበልጥ በምትልቅበት በወይኑ ላይ ብታተኩርና ጨርቁን ከእንግሊዝ ብትገዛ ሁለቱም ይጠቀማሉ። እኔም ደረሰኝ ከማንም ፈጥኜ ልቆርጥ እችላለሁ፤ ያ ሰዓት ግን ከእኔ በቀር ማንም ሊሠራው ከማይችለው፣ ትልልቅ ደንበኞችን አግኝቶ ከመዋዋል ሥራ ላይ የሚቀነስ ነው።

መጀመሪያ ያስረከብኩት የተለመዱ ሥራዎችን ዋጋ ማውጣትን ነበር፤ የመረጥኩትም ዋጋውን ማጣራት ከማውጣቱ እጅግ ያነሰ ጊዜ ስለሚወስድ ነው። እኔ ስሠራ ተረካቢው ሠራተኛ እያየ ደረጃዎቹን ራሱ ጻፈ። መመሪያውን ተማሪው መጻፉ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ለረጅም ጊዜ የሠራ ሰው በልማድ የሚፈጽማቸውን እርምጃዎች ሳያስተውል ይዘላቸዋል፤ አዲሱ ሰው ግን እያንዳንዱን ይጠይቃል። ቀጥሎ እሱ ሲሠራ እኔ አየሁ፤ ከዚያም እሱ ሠርቶ ሲጨርስ አጣራሁ፤ በመጨረሻም አልፎ አልፎ ናሙና ብቻ እየወሰድኩ መመልከት በቂ ሆነ።

ከሥራው ጋር የመወሰን ሥልጣን አብሮ መሰጠት አለበት። ሠራተኛው እስከ 10 በመቶ ቅናሽ ሳይጠይቀኝ እንዲያደርግ ፈቀድኩለት፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ወደ እኔ ይመጣል። ይህ ወሰን ባይኖር ሥራው ከእጄ ቢወጣም ወረፋው ደጃፌ ላይ ይቀር ነበር። ጥያቄ ይዞ ሲመጣም በቅድሚያ የራሱን ሐሳብ እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ፤ ሐሳቡን የማጸድቅበት ጊዜ እየበዛ ሲሄድ ወሰኑን ከፍ ለማድረግ ጊዜው መድረሱን አውቃለሁ።

የማይመለስ ስሕተት ሊያስከትል የሚችለውን ሥራ ግን አዘግይቻለሁ። የተሳሳተ ዋጋ ደንበኛው ከመቀበሉ በፊት ሊታረም ይችላል፤ በሺህ የሚቆጠር ቅጂ ከታተመ በኋላ የተገኘ የፊደል ግድፈት ግን ወረቀቱንም ቀኑንም ይበላል። ስለዚህ የትልልቅ ሥራዎችን የመጨረሻ ናሙና ማጽደቅ ከብዙ ሌሎች ሥራዎች በኋላ ያስረከብኩት ነው።

በገንዘብ ጉዳይ ጠንካራ አቋም አለኝ። ገንዘብ የሚቀበለው፣ የሚመዘግበውና መዝገቡን ከባንክ መግለጫ ጋር የሚያስታርቀው (ማለትም የሚያመሳክረው) አንድ ሰው መሆን የለበትም። ጥቂት ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ሦስቱን መለየት ስለሚያስቸግር መቀበሉንና መመዝገቡን ለሁለት ሰዎች ሰጥቼ፣ ማስታረቁንና የክፍያ ፊርማውን በእጄ አስቀርቻለሁ። ይህ አሠራር ሠራተኛውንም ይጠብቃል፤ ገንዘብ ቢጎድል ንጹሕ ሰው ያለ ማስረጃ አይጠረጠርም። የግብር ማስታወቂያውን የውጭ የሒሳብ ባለሙያ ያዘጋጅልኛል፤ ተጠያቂው እኔ ስለሆንኩ ግን ሳላነብ አልፈርምም።

ሠራተኛ መቅጠርና ደመወዝ መወሰን አሁንም የእኔ ሥራዎች ናቸው። ከወረቀት አቅራቢዎች ጋር መደራደርን ለማስረከብ እያሰብኩበት ነው፤ ዋጋው ስለሚዋዥቅና ውሳኔውም በየጊዜው በተለያየ ምክንያት ላይ ስለሚመሠረት በመመሪያ ብቻ የሚተላለፍ አይደለም። ስለዚህ ለጊዜው የግዥ ሠራተኛው በድርድሩ ላይ አብሮኝ እንዲቀመጥ አድርጌ፣ ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላ ለምን እንደተስማማሁ ወይም እንዳልተስማማሁ አስረዳዋለሁ።